ለአንድ ሰው ብቻ የሰጠሁት አድራሻ

ቅናተኛ ነኝ። አስቀድሜ የምናገረው በኋላ ራሳችሁ ደርሳችሁበት እንዳትታዘቡኝ ነው። በልጅነቴ አባቴ የጎረቤት ልጅ ካቀፈ ምሳ አልበላም ብዬ አኮርፍ ነበር። እናቴ ስትሞት ያሳደገችኝ የአባቴ እህት፣ አክስቴ ከድጃ፣ "ይቺ ልጅ ባሏን መቀነቷ ላይ ካልቋጠረች እንቅልፍ አይወስዳትም" እያለች ለጎረቤት ታስቅብኝ ነበር። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል እንዲሉ፣ ኒካሄ ሊታሰር ጥቂት ቀን ሲቀረው የገጠመኝ ነገር ለእኔ ዓይነቱ ሰው ተለክቶ የተሰፋ ይመስል ነበር።

ያኔ በኮምፒውተር ሳይንስ ተመርቄ፣ ሥራ ፍለጋ አዲስ አበባ ልሂድ ብዬ ተከልክዬ፣ ጎንደር ፒያሳ ባለው የአባቴ የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ የምውል ልጅ ነበርኩ። አባቴን ሐጂ ይማም ይሉታል። ከሱቁ ጀርባ ጣቃ የሚደረደርበት ጠባብ ክፍል አለ። እዚያ ጥግ ላይ፣ ሰው የጣለውን አሮጌ ኮምፒውተር አንስቼ፣ ሊኑክስ የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም ጭኜበት፣ የራሴን የኢሜይል ሰርቨር አቆምኩ። አባቴ አንድ ቀን ገብቶ "ይህ ቀን ከሌት የሚያጓራው ምንድን ነው?" ሲለኝ፣ "የእኔ ፖስታ ቤት ነው" አልኩት። "የመንግሥቱ ምን ጎደለው?" ብሎ ተወኝ።

የመንግሥቱ ምን እንደጎደለው ላስረዳችሁ። እኔ አንድ እውነተኛ የደብዳቤ ሳጥን አለችኝ፤ የሷን አድራሻ ለማንም አልሰጥም። በምትኩ ሰርቨሬ ላይ ለእያንዳንዱ ሰው የተለየ አድራሻ እፈጥራለሁ። ለዱባዩ ጨርቅ ላኪ አንድ፣ ለዩኒቨርሲቲ ጓደኛዬ ሌላ፣ ጅዳ ላለችው ዘመዴ ሌላ። በየትኛውም ቢጽፉልኝ ደብዳቤው የሚገባው ወደዚያችው ወደ አንዷ ሳጥን ነው። እኔ እነዚህን አድራሻዎች "በር" እላቸው ነበር። አንድ ሰው ካስቸገረኝ የሱን በር ብቻ እዘጋለሁ፣ ሌላው ሳይነካ ይቀጥላል። ከሁሉ የሚጥመኝ ግን ሌላ ነው። ለዱባዩ ነጋዴ ብቻ በሰጠሁት በር የማላውቀው ሰው ከገባ፣ አድራሻዬን አሳልፎ የሰጠው ማን እንደሆነ ሳልጠይቅ አውቃለሁ። አሁን ሳስበው ቅናተኛ ሰው ቁጭ ብሎ ያሰበው ሥራ ነው።

ጀማል ከሱቃችን ፊት ለፊት ባለው መድኃኒት ቤት የተቀጠረ ፋርማሲስት ነበር። የጎንደር ልጅ ነው፣ ግን ብዙ ዓመት መተማ ሠርቶ የተመለሰ። የመድኃኒት ቤቱ ማተሚያ አልሠራ ሲለው ይዞ መጣ፣ ጠገንኩለት፣ አመስግኖ ሄደ። በማግስቱ ማተሚያው ደህና ሆኖ ሳለ ደግሞ ይዞ መጣ። "ምን ሆነ?" ስለው ጣሪያ ጣሪያውን አየ። እንዲህ ነው ጀማል። ሲስቅም ዝም፣ ሲያፍርም ዝም። እኔ ደግሞ ለሁለታችንም የሚበቃ አፍ አለኝና ዝምታውን ወደድኩለት።

ሽማግሌ ላከ። ሽማግሌዎቹን መርቶ የመጣው አጎቱ አያ ሙሐመድ ኑር ነበር። አባቴ "ልጁ እንዴት ያለ ነው?" አለ። "ሸጋ ልጅ ነው ሐጂ። ሰጋጅ ነው፣ ሠርቶ አዳሪ ነው" አለ አያ ሙሐመድ ኑር። አባቴ በዚህ አበቃ። መተማ ስለኖረበት ዘመን አንድም ሰው አልጠየቀም። ሽማግሌን ደጋግሞ መጠየቅ አላመንኩዎትም ማለት ነው፤ በእኛ ቤት እንዲያ አይደረግም። ሽማግሌም ያልጠየቁትን አይናገርም። ነገሩ ሁሉ እንዲህ በጨዋ ደንብ አለቀ።

ቃሉ ከተሰጠ በኋላ እስከ ኒካሁ ድረስ እኔና ጀማል መገናኘት ቀረ። መንገዱን ተሻግሬ መድኃኒት ቤት ብገባ ፒያሳ ሙሉ ያወራል። ሞባይሌ ሲጮህ ቀድማ የምታነሳው አክስቴ ነበረች። ስለዚህ ለጀማል በር ፈጠርኩለት። ማንም ገምቶ የማይደርስባት አድራሻ። በቁራጭ ወረቀት ጽፌ፣ አባቴ ለሶላት ሲወጣ፣ ራስ ምታት አመመኝ ብዬ ተሻግሬ ሰጠሁት።

"ይህችን የምናውቃት እኔና አንተ ብቻ ነን" አልኩት።

"ከእኔ አትወጣም" አለ።

ፊት ለፊት የማይናገረው ሰው በደብዳቤ ጥሩ ይናገር ነበር። በላቲን ፊደል አማርኛ እየጻፈ፣ ቀኑን ሙሉ ማን ምን መድኃኒት እንደጠየቀው፣ ከመስኮቱ ሲያየኝ ምን ቀለም እንደለበስኩ ይነግረኛል። ያቺ በር ከሌሎቹ ሁሉ ትለይብኝ ነበር። በሷ የሚገባ ደብዳቤ ሲመጣ ሳልከፍተው ደስ ይለኛል።

ኒካሁ ለእሑድ ተቆረጠ። በዚያ ሳምንት መጀመሪያ ላይ መብራት ጠፋ። ሰኞን ሙሉ አልመጣም፤ ማክሰኞ ረፋድ ላይ ነው የመጣው። ሮጬ ሰርቨሬን አስነሳሁ። ጥቂት ቆይቶ በጀማል በር አንድ ደብዳቤ ገባ። እየሳቅኩ ከፈትኩት። የጀማል አልነበረም።

"እህቴ ሐያት" ይላል። "ትናንት የጻፍኩልሽን አንብበሽ ዝም በማለትሽ አልፈርድብሽም። እኔም ብሆን ዝም እል ነበር። ጀማል ሐሙስ ወደ እኔ ይመጣል። የምትይኝ ካለ ያኔ እነግረዋለሁ። ራሕመት፣ ከማክሰኝት።"

ጣቃው ላይ ተቀመጥኩ፣ ደግሞ ተነሳሁ። ራሕመት ማን ናት? ሐሙስ ወደሷ የሚመጣው ለምንድን ነው? ከዚያ ሁሉ የባሰብኝ ግን ሌላ ነበር። በሬን ሰጥቷታል። ለእሱ ብቻ የፈጠርኳትን አድራሻ በአፉ ነግሯታል፣ ወይ በጽሑፍ ሰጥቷታል። ባይሰጣት በዚያ በር ልትገባ አትችልም። ሌላ ሰው ቢሆን ተሳስቶ ይሆናል፣ የሰው አድራሻ ወስዳ ይሆናል ብሎ ይጠራጠራል። እኔ እንዳልጠራጠር አድርጌ የሠራሁት ነገር ነው።

በመስኮት አየሁት። ነጭ ጋውኑን ለብሶ ለአንዲት አሮጊት የመድኃኒት አወሳሰድ ያስረዳል። ጎንበስ ብሎ፣ በትሕትና። ያቺን አሮጊት ሳይቀር ቀናሁባት።

ትንሽ ስረጋጋ ማሰብ ጀመርኩ። "ትናንት የጻፍኩልሽ" ብላለች። ትናንት ሰርቨሬ ሙት ነበር። የመጀመሪያው ደብዳቤ መጥቶ በሩን ዝግ አግኝቶታል ማለት ነው። እንዲህ ሲሆን ደብዳቤ አይጠፋም። የላኪው ሰርቨር ይዞት ይቆይና ደግሞ ይሞክራል፣ አሁንም ዝግ ከሆነ ከፊተኛው ረዘም አድርጎ ይቆይና እንደገና ይሞክራል። ሁለተኛዋ ደብዳቤ በሩ ከተከፈተ በኋላ ስለተላከች ቀድማ ገባች። የመጀመሪያዋ የሆነ ቦታ ተራዋን እየጠበቀች ነው። መቼ እንደምትመጣ ግን እኔም አላውቅም፣ ማንም አያውቅም። ኒካሁ እሑድ ነው፣ ማን እንደማገባ የምታውቀው ደብዳቤ መንገድ ላይ ናት።

ያን ቀን ከኮምፒውተሩ አልተነሳሁም። ረቡዕም እንዲሁ። ደንበኛ ጨርቅ ሲጠይቀኝ ያልጠየቀውን አወርድለታለሁ። ጀማልን ልጠይቀው ብዬ ደብዳቤ ጀመርኩና አጠፋሁት። ብጠይቀው ዝም እንደሚል አውቃለሁ፣ ያንን ዝምታ ደግሞ የምችልበት ሆድ አልነበረኝም። ረቡዕ ከሰዓት መብራት እንደገና ሄደ። ያቺ ደብዳቤ በዚያ ሰዓት ደጄ ደርሳ ተመልሳ ቢሆንስ እያልኩ እንባዬ መጣ። ይህን ጊዜ አክስቴ ከድጃ ደረሰች።

"ምነው ልጄ? ሙሽራ በሳቅ እንጂ በለቅሶ አታምርም" አለችኝ።

ነገርኳት። የሰርቨሩን ነገር ልታውቅ አልሞከረችም፤ የገባት ሁለት ነገር ነው፣ ራሕመትና ሐሙስ። ጣቃውን በጣቷ ስትዳብስ ቆየችና፣

"ለሠርጉ ሽምብራ አልተገዛም" አለች።

"ምን?"

"ሽምብራ። ማክሰኝት ሸጋ ሽምብራ አለ። ነገ እኔና አንቺ እንሄዳለን።"

"አባዬን ምን እንለዋለን?"

"ሽምብራ ልንገዛ ሄድን እንለዋለን። ሽምብራውንም እንገዛለን። ውሸት አልወድም" አለች አክስቴ።

ሐሙስ በጠዋት ሚኒባስ ተሳፈርን። አዘዞን፣ ጠዳን አልፈን እስክንደርስ ድረስ አክስቴ ከረዳቱ ጋር ስትቀልድ፣ እኔ የራሕመትን መልክ ስሠራ ስሰብር ነበር። ረጅም አደረግኳት፣ ጠይም አደረግኳት፣ ጸጉሯን አረዘምኩት። በገዛ እጄ ቆንጆ አደረግኳትና በገዛ እጄ ተቃጠልኩ። ማክሰኝት ወርደን አክስቴ አንዱን ባለሱቅ ጠየቀችው።

"ራሕመት የምትባል ሙስሊም ሴት ታውቃለህ?"

"ልብስ ሰፊዋን? ከወፍጮ ቤቱ ማዶ ናት።"

ከወፍጮ ቤቱ ማዶ በሯ ወለል ያለ ትንሽ ቤት አለ። ውስጧ አንዲት ሴት የስፌት መኪናዋ ላይ አጎንብሳለች። እኛ ከፊት ለፊት ሻይ ቤት ገብተን፣ ፊታችንን በሻሻችን ሸፈን አድርገን ተቀመጥን። ራሕመት ረጅም አልነበረችም። ቆንጆ ነበረች ግን። ይህን ሳይ ሻዩን ገፋ አድርጌ አስቀመጥኩት።

ብዙ ሳንቆይ ጀማል መጣ። ካርቶን ታቅፏል። ቤቱ ደጅ ሳይደርስ አንዲት ትንሽ ልጅ ከጓሮ ሮጣ መጥታ እግሩ ላይ ተጠመጠመች። ካርቶኑን አስቀምጦ አነሳት። ያ የማይናገር ሰው ለልጅቷ ሲያወራ፣ ሲያወራ፣ እጁን ሲያወናጭፍ አየሁት። ራሕመት ከመኪናዋ ቀና ብላ አንድ ነገር አለችው። ኮቱን አውልቆ ሰጣት። አየችና የተንጠለጠለውን ቁልፍ ትሰፋለት ጀመር።

የማንም ሴት ዓይን እንዲህ ያለ ነገር አይይ። እቅፍ ብትለው ይሻለኝ ነበር። ቁልፍ ስትሰፋ ግን፣ ክሩን በጥርሷ ስትቆርጥ፣ እሱም ክንዱን ዘርግቶ ሲጠብቅ፣ የሚያውቁት ነገር ነበር። እኔ የማላውቀው። ተነሳሁ።

አክስቴ ሻሼን ያዘች። "ቁጭ በይ። የመጣነው ልናውቅ ነው። ለመጮሁማ ጎንደርም አፍ አለን።"

ተቀመጥኩ። ጀማል ልጅቷን ስሞ፣ ኮቱን ለብሶ፣ ወደ መኪና መሳፈሪያው ሄደ። ሲርቅ ጠብቄ መንገዱን ተሻገርኩ። አክስቴ ደጁ ላይ ቀረች።

ሴትየዋ ቀና ብላ አየችኝ። "ሐያት ነሽ" አለች።

"እንዴት አወቅሽኝ?"

"እንዲህ ዓይኗን አፍጥጣ የምትገባ ደንበኛ የለችኝም። ተቀመጪ።"

አልተቀመጥኩም። "ይህን አድራሻ ማን ሰጠሽ?" አልኳት። ከጥያቄዎቼ ሁሉ ቀድሞ የወጣው ይህ ነው።

"እሱ ነዋ። ደብዳቤዬ አልደረሰሽም?"

"ሁለተኛው ደርሶኛል። የመጀመሪያው አልደረሰም። መብራት አልነበረም።"

እጇ መኪናው ላይ ቆመ። "እንግዲያ ምንም አታውቂም" አለች ቀስ ብላ።

"እያወቅኩ ነው።"

ልጅቷን ወደ ጓሮ ላከቻትና ነገረችኝ። መተማ ሳሉ ተጋብተው ነበር። ሒክማ የሁለቱ ልጅ ናት። ልጅቷ ገና ጡት ሳትጥል ተፋቱ፤ ራሕመት ወደ ወላጆቿ አገር ወደ ማክሰኝት ተመለሰች። ጀማል በየጊዜው ለልጁ እየመጣ ይሄዳል። አያ ሙሐመድ ኑር ሁሉንም ያውቃል።

"ለምን ተፋታችሁ?" አልኳት።

"ስለማይናገር" አለች። "ክፉ ሰው አይደለም፤ ክፉ ቢሆን ይቀለኝ ነበር። ከባድ ነገር ሲመጣ ሰው ይልካል እንጂ ራሱ አይመጣም። ሲፈታኝ እንኳ ወንድሙን ነው የላከው። ወንድሙ ደጄ ላይ ቆሞ 'ጀማል ፈትቶሻል' አለኝ። ጀማል መንገዱ ዳር ቆሞ ነበር። አየሁት።"

አጠገቧ ያለው በርጩማ ላይ ተቀመጥኩ።

"አሁንም መጥቶ፣ 'ሐያት ሳታውቅ ልታገባኝ ነው፣ አጎቴ ዝም አይነቅዝም ብሎ ከለከለኝ፣ አንቺ ጻፊላት' አለና አድራሻሽን ሰጠኝ። እምቢ ብዬው ነበር። ኋላ ልጄን አየኋት። አባቷ ሠርግ ሲደግስ የሷ ስም የማይጠራ ከሆነ፣ ከዚያ ወዲያ መቼ ይጠራል? ለሷ ብዬ ጻፍኩ። ላንቺ ብዬም አይደለም፣ ለሱም ብዬ አይደለም።"

"ትወጂዋለሽ?" አልኳት። ማፈር ነበረብኝ፣ አላፈርኩም።

ሳቀች። "ቁልፏን አይተሻል ማለት ነው። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ እህቴ፤ የተንጠለጠለ ቁልፍ ሳይ እጄ አያርፍም። አንድ ነገር ልንገርሽና ሂጂ። ዝምታውን ወደሽለት ከሆነ፣ እኔም ያኔ እንዳንቺው ነበርኩ።"

ወላሂ፣ ሴትየዋን ወደድኳት። ቅናቴ የባሰውም ያኔ ነው። መጥፎ ብትሆን ንቄያት እሄድ ነበር። እሷ ግን ጀማል ሊናገረው ያልደፈረውን ፊቴን እያየች ነገረችኝ። ባሌ ሊሆን የነበረው ሰው የከበደውን ነገር አውጥቶ የሰጠው ለሷ ነው። ልጅቷን እችላለሁ፣ ትዳሩንም እችላለሁ። "ለሐያት ንገሪልኝ" ያለበትን ያን ምሥጢር ግን ቀናሁበት። ያ የእኔ ነበር።

ሽምብራችንን ገዝተን ተመለስን። ማታ መብራት መጥቶ ስለነበር ሰርቨሬን ሳስነሳው ያቺ የቀረችው ደብዳቤ ገባች። ማክሰኝት ከሰማሁት ያልተለየ ነገር ነው የጻፈችው። ለጀማል ጻፍኩለት። "ሁሉንም አውቄአለሁ። ራሕመትን አግኝቻታለሁ። ያለህን ነገር ለአባቴ በራስህ አፍ ንገረው። አጎትህን አትላክ፣ ማንንም አትላክ። እስከ እሑድ ጊዜ አለህ።"

ዓርብ መልስ የለም። ቅዳሜም የለም። መብራት አልሄደም፣ መስመሩ አልተቋረጠም። ሰርቨሬ ተበላሽቶ እንዳይሆን በጀማል በር ለራሴ ደብዳቤ ላክሁ፤ ወዲያው ደረሰኝ። የሚመጣ ደብዳቤ ስላልነበረ ነው። በመስኮት ሳየው መድኃኒት ቤቱ ውስጥ አንገቱን ደፍቷል።

"ለአባትሽ እኔ ልንገረው?" አለችኝ አክስቴ።

"አንቺም ከነገርሽው ሌላ መልእክተኛ ሆንሽ" አልኳት።

"ሳይናገር እሑድ ከሆነስ?"

"እንዲያማ ከሆነ ኒካሁን አልፈቅድም።"

አክስቴ ቀልድ አጣች። እንግዳው ተጠርቷል፣ ዳሱ ተጥሏል፣ አባቴ ደስ ብሎት አዲስ ጀለቢያ አሰፍቷል። አልፈቅድም ማለት አባቴን በፒያሳ ነጋዴ ሁሉ ፊት ማዋረድ ነው። ያንን እያወቅኩ እጄን ሒና አስቀባሁ።

እሑድ ወንዶቹ ዳስ ውስጥ፣ እኛ ቤት ውስጥ ሆንን። በደንቡ መሠረት አባቴ ሁለት ምስክሮች ይዞ፣ አያ ሙሐመድ ኑርም ተከትሎት፣ ወዳለሁበት ክፍል ደጃፍ መጣ።

"ልጄ ሐያት" አለ አባቴ። "ለጀማል እንድድርሽ ፈቅደሻል?"

ሙሽራ እዚህ ላይ ዝም ካለች ፈቀደች ማለት ነው። አብዛኛዋ ሴት ዝም ትላለች። እኔ ግን አፍ አለኝ።

"አባዬ፣ ከመመለሴ በፊት ጀማል የሚነግርዎት ነገር አለ። ይጠራልኝ።"

ከኋላዬ አንዷ "ያ አላህ" አለች። አያ ሙሐመድ ኑር አንድ እርምጃ ወደፊት መጣ።

"ልጄ፣ ሙሽራ እንዲህ አይጠራም። ነገር ካለ እኔ ልመልስልሽ።"

"አያ፣ ይቅር ይበሉኝ፤ የርስዎን ሰምተናል" አልኩት።

አባቴ ፊቴን አየ፣ የአጎትየውን ፊት አየ። "ጥሩት" አለ።

ጀማል በነጭ ልብሱ መጣ። ደጃፉ ላይ ቆመ። ላቡ ከግንባሩ ይወርዳል። አጎቱን አየ፣ እኔን አየ፣ ጣሪያውን አየ። ዝምታው ረዘመ። ያን ዝምታ አልረሳውም። አለቀ፣ አይናገርም፣ እኔም አልፈቅድም እላለሁ፣ አባቴ በአዲሱ ጀለቢያው ወደ ዳሱ ተመልሶ ለሰው ሁሉ ምን ሊል ነው አልኩ በልቤ።

"ሐጂ" አለ ጀማል። ጉሮሮውን ጠራረገ። "ሐጂ፣ መተማ ሳለሁ አግብቼ ፈትቻለሁ። ልጅ አለችኝ። ሒክማ ትባላለች። ማክሰኝት ከእናቷ ጋር ናት። አስቀድሜ ልነግርዎት ይገባኝ ነበር። ፈራሁ።"

አባቴ ጀማልን ከላይ እስከ ታች አየው። ከዚያ ወደ አያ ሙሐመድ ኑር ዞረ።

"እርስዎ ያውቁ ነበር?"

"ሐጂ፣ አልጠየቅኸኝም።"

"አልጠየቅኩም" አለ አባቴ። "እርስዎን አከብር ብዬ ለልጄ ሳልጠይቅላት ቀረሁ።" ወደ እኔ ዞረ። "ሰማሽ ልጄ። አሁን የኔን ፊት አትይ፣ የእንግዳውንም አትይ። ፈቅደሻል?"

ጀማልን አየሁት። እያለቀሰ ነበር። መንገድ ዳር አልቆመም፤ ደጄ ላይ ነው የቆመው።

"ፈቅጃለሁ" አልኩ። "ግን ከዛሬ ጀምሮ መልእክተኛ አልቀበልም። የሚነግረኝ ነገር ካለው ራሱ ይምጣ።"

"ይመጣል" አለ አባቴ ለጀማል መልሶለት። ከዚያ የሠራው ገባውና "አንተ ተናገር" አለው። ጀማልም "እመጣለሁ" አለ። ሴቶቹ እልል አሉ፣ አክስቴ ግን ሽምብራ ትቆረጥም ነበር።

አንዳንዶቻችሁ "ምነው እያወቅሽ ገባሽበት" ትሉኝ ይሆናል። አክስቴም ብላኛለች። እኔ የምመልሰው አንድ ነው፤ የፈለግኩት ሚስት ያላገባ ሰው አልነበረም፣ ደጄ ድረስ የሚመጣ ሰው ነው። ያንን ባያደርግ፣ ዳሱ ቢፈርስም እምቢ እል ነበር። ይህን ስለራሴ ያወቅኩት በዚያ ሳምንት ነው፤ ከዚያ በኋላ በሱቁም በኑሮም ሰው ሲያናግረኝ እንዲህ አድርጌ መቆም ቀለለኝ።

ከቅናቴ ዳንኩ ብዬ ግን አልዋሻችሁም። ቅናት ይለቃል የሚል ሰው ካጋጠማችሁ አትመኑት። እኔ የተማርኩት ምኑ ላይ እንደምቀና ለይቼ ማወቅን ብቻ ነው። በዚያ ሳምንት በቁልፏ ቀንቼ፣ በመልኳ ቀንቼ፣ ጩኸቴን ብለቀው ኖሮ ጀማልን አጣው፣ ሒክማንም ሳላውቃት እቀር ነበር። ዋናው ቅናቴ ከእነዚህ ሁሉ በታች ተደብቆ ነበር፤ እሱን ሳገኘው ምን መጠየቅ እንዳለብኝ አወቅኩ። እናንተም ሲያንገበግባችሁ ከመጮሃችሁ በፊት ሽምብራ ግዙ ነው የምላችሁ።

ሒክማ ትምህርት ሲዘጋ እኛ ዘንድ ትመጣለች። ወሬኛ ናት፣ በዚህ አባቷን አልወጣችም። ባለፈው ዒድ ራሕመት ልትወስዳት መጣች። አሁንም ቆንጆ ናት፣ ምን ይደረግ። ምሳ በላን፣ ተጫወትን፣ አባቴን ሳይቀር አሳቀችው። ለመሄድ ሲነሱ ጀማል የልጅቷን ቦርሳ አንስቶ፣ ራሕመትን "ኑ፣ መነኸሪያ ድረስ ልሸኛችሁ" አለ።

"ተቀመጥ" አልኩት። ቦርሳውን ከእጁ ተቀብዬ እኔው ሸኘኋቸው።